ፕሬሸር ኩከር ለአጥንት ሾርባ፦ ደጋ ላይ ያዋጣል ወይ?

ጎጃም ደጋው ላይ የአጥንት ሾርባ ግማሽ ቀን የሚፈጀው አጥንቱ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። ውኃውም አያግዝም። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውኃዋ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ 2,400 ሜትርን ያለፈችው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደግሞ 92 ላይ። ከዚያ በኋላ እሳቱን ምንም ያህል ቢያቀጣጥሉት ክፍት ድስት ውስጥ ያለው ውኃ ሙቀት አይጨምርም፤ እንፋሎቱ ብቻ ነው የሚበዛው። እንጅባራ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ ሰው የሚያማርረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጅማቱና ልም አጥንቱ ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው ግን በሙቀትና በጊዜ ነው። ሙቀቱ ሲያንስ ጊዜው ይረዝማል። በተራ ድስት የበሬ እግርና ጉልበት ደብረ ማርቆስ ላይ በደንብ እንዲወጣለት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። ያን ያህል ከሰል ማንደድ፣ ወይም ያን ያህል ሰዓት መብራት አይጠፋም ብሎ ማመን፣ ለሁሉም ቤት የሚሆን አይደለም። እንግዲህ እዚህ የሚገመገመው በየከተማው የዕቃ ሱቅ የሚሸጠው ባለ ፊሽካ፣ ባለ 7 ሊትር የአሉሚኒየም ፕሬሸር ኩከር ነው። ማርካው ቢለያይም አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው።

የዚህ ዕቃ ፊሽካ በአብዛኛው የሚነሳው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲበልጥ ነው። በባሕር ወለል ይህ ውስጡን 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ የውጭው አየር ራሱ ስለሚሳሳ 116 አካባቢ ላይ ይቆማል። ከ120 ቢያንስም ከ92 ጋር ሲተያይ የ24 ዲግሪ ብልጫ አለው፤ ለአጥንት ደግሞ ይህ ብዙ ነው። የስምንት ሰዓቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይገባል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ያለውን ሰዓት ግን እንዳለ አይውሰዱ፤ የተጻፈው ለቆላ ነው። ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር አምስት በመቶ ይጨመራል። ወረቀቱ 90 ደቂቃ ካለ ባሕር ዳር ላይ 108፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 117 ደቂቃ ያድርጉት። «ፕሬሸር ገዝቼ መረቁ ውኃ ሆነብኝ» የሚለው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ ስሌት መዘለል የሚመጣ ነው።

ሌላው ግማሽ ከአጥንቱ ነው።

ሥጋ ቤት ሄዶ «የሾርባ አጥንት» ብሎ መጠየቅ ዕድልን መሞከር ነው፤ ባለ ሥጋ ቤቱ የተረፈውን ያነሳል። ለባለ 7 ሊትሩ የሚሆነው በስም ሲጠራ እንዲህ ነው፦ 600 ግራም ቅልጥም፣ 600 ግራም ጉልበትና የታጠበ እግር፣ 400 ግራም ሥጋው ያልተራቆተ ጎድን ወይም አንገት። ቅልጥሙ መቅኔና ቅባት ይሰጣል፣ ጉልበትና እግሩ መረቁን ያወፍራል፣ ጣዕሙ ግን የሚመጣው ከአጥንቱ ጋር ካለው ሥጋ ነው። ቅልጥም ብቻ የገዛ ሰው ቅባት የሚንሳፈፍበት ቀጭን ውኃ ያገኛል። እግር ብቻ የገዛ ደግሞ ሲበርድ እንደ ሙጫ የሚረጋ፣ ሲቀምሱት ግን ምንም የማይል ሾርባ።

አጥንቱን በመጋዝ እንዲቆርጡልዎ ይጠይቁ። መጥረቢያ ስንጥር ያወጣል፤ ስንጥሩ በወንፊት አልፎ ጉሮሮ ላይ ይገኛል። ሥጋ ቤቱ መጋዝ ከሌለው ጉልበቱን በመገጣጠሚያው በቢላ ያስለዩት፣ ቅልጥሙን ደግሞ ድስቱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብቻ ሙሉውን ይውሰዱት። የቅርጫ አጥንት ካለ ከሁሉም ይሻላል፤ የዕለቱ ነውና። ችግሩ መደቡ ላይ የሚደርስዎት አጥንት በዕጣ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ የጎደለውን እግር ለብቻ ገዝቶ ማሟላት ነው።

የበግ አጥንት በዚሁ ዕቃ ይሠራል፤ ሰዓቱ ግን ወደ 60 ደቂቃ ይወርዳል። የዋሸራ በግ ከሆነ ላቱን አይጨምሩ። በግፊት ውስጥ የላት ስብ ይቀልጥና መረቁን ሁሉ በግ በግ ያሰኘዋል፤ ከዚያ ምንም ዝንጅብል አያድነውም።

አሁን ወደ ሥራው። አጥንቱን በቀዝቃዛ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉትና ደሙን ያውጡ። ከዚያ ፕሬሸሩ ውስጥ ጨምረው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ፣ አጥንቱን በሚሸፍን አዲስ ቀዝቃዛ ውኃ ያፍሉት። ሲንተከተክ ግራጫ አረፋ ይወጣል። ቆሻሻ አይደለም፣ ከሥጋውና ከደሙ የወጣ በሙቀት የረጋ ፕሮቲን ነው፤ ሆኖም ሽታውንም ቀለሙንም ያበላሻል። አሥር ደቂቃ ይፍላና ውኃውን በሙሉ ይድፉት። አጥንቱን አንድ በአንድ በውኃ ያጥቡት፣ ድስቱንም ይጠቡት፤ ጠርዙ ላይ የተጣበቀው አረፋ ተመልሶ ይገባልና። «ጣዕሙ አብሮ ይደፋል» የሚሉ አሉ። በአሥር ደቂቃ የሚወጣው ደምና አረፋ ነው፤ የሚፈልጉት ነገር ገና አጥንቱ ውስጥ ነው ያለው።

ፕሬሸር ላይ ይህ ደረጃ ከጽዳትም ያልፋል። አረፋው ክዳኑ ላይ ያለችውን የእንፋሎት ቀዳዳ ይደፍናል። ቀዳዳዋ ስትደፈን ፊሽካው ዝም ይላል፣ ውስጡ ግን ይጨምራል። ከመግጠምዎ በፊት ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ፤ ብርሃን ካላሳየች በቀጭን ሽቦ ይጥረጓት።

የታጠበውን አጥንት መልሰው ሁለት ሊትር ተኩል ውኃ ይጨምሩ። ይህን መጠን አያሳልፉት። ባለ 7 ሊትር ከሁለት ሦስተኛው በላይ፣ ማለትም ከአራት ሊትር ተኩል በላይ፣ መሞላት የለበትም፤ አጥንቱም ቦታ ይይዛል። ደግሞም ፕሬሸር ውኃ አያተንም። ተራ ድስት ስምንት ሰዓት ሲፈላ መረቁ እየተነነ ይወፍራል፤ እዚህ ግን ያስገቡት ውኃ ከሞላ ጎደል ያንኑ ያህል ሆኖ ይወጣል። በድስት ልማድ አራት ሊትር የጨመረ ሰው አራት ሊትር ቀጭን መረቅ ነው የሚያገኘው። ጨው፣ ሽንኩርት፣ ቅመም አሁን አይገባም።

እሳቱ ላይ ነው ይህ ዕቃ እኛ አገር የሚፈተነው። የተሠራው እሳቱ እንደልብ ከፍና ዝቅ ለሚል የጋዝ ምድጃ ነው። ፊሽካው መጀመሪያ ሲጮህ እሳቱ ወዲያው መቀነስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በየጥቂት ደቂቃው አንዴ ሹክ ቢል በቂ ነው። ሳያቋርጥ የሚያፏጭ ፕሬሸር የበለጠ እያበሰለ አይደለም። ሙቀቱ ያው ነው፤ የሚወጣው ግን ውኃዎ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካፏጨ ታችኛው አጥንት ያርራል፣ መረቁም የጭስ ምሬት ይይዛል።

ክሩ የሚታየው የሸክላ ኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ መሀል የለውም። በዚህ ላይ የሚሠራው መላ ፊሽካው ከጮኸ በኋላ ሶኬቱን መንቀል፣ ፊሽካው ላይ ያለው ሹክሹክታ ሙሉ በሙሉ ሲቆም መልሶ መሰካት ነው፤ አድካሚ ነው፣ ሁለት ሰዓት አጠገቡ መቀመጥን ይጠይቃል። በእውነቱ ከሰል ይሻላል። ፊሽካው እንደጮኸ ግማሹን ፍም በመቆንጠጫ ያውጡ፣ የቀረውን አመድ ያልብሱት፣ የምድጃውን የአየር በር ወደ ጣት ስፋት ያጥብቡት። አመድ የለበሰ ፍም ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያስቸግር ይዞ ይሄዳል፤ አንዴ ብቻ ጥቂት ፍም መጨመር ነው። መስኮት ይከፈት፤ ታፍኖ የሚነድ ከሰል ጭስ ባያሳይም ሰው ይገድላል።

መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ አይክፈቱት። ተገጥሞ እንዳለ ሲበርድም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማብሰሉን ይቀጥላል። መብራቱ ቶሎ ከመጣ ፊሽካው እንደገና ከጮኸበት ጀምረው የቀረውን ደቂቃ ይቁጠሩ። እስኪነጋ ግን ምድጃ ላይ አይተዉት፤ ለብ ያለ መረቅ ያድራል ማለት ይበላሻል ማለት ነው።

ሰዓቱ ሲሞላ ከእሳት አውርደው በራሱ ጊዜ ይብረድ፤ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ፊሽካውን በማንኪያ አንስቶ እንፋሎቱን መልቀቅ ወይም ክዳኑ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ለባቄላ ይሁን፣ ለአጥንት አይሁን። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ውስጡ በአንዴ ይንተከተካል፣ ቅባትና ደቃቁ ሁሉ ይቀላቀላል፣ መረቁ ይደፈርሳል፤ ትኩስ ቅባትም በቀዳዳው ተረጭቶ ፊት ላይ ይደርሳል። ክዳኑ እምቢ ካለ ግፊት አለ ማለት ነው። አይታገሉት።

ሲከፈት የሚታየውን እንመልከት። ጅማቱ ከጉልበቱ ላይ በጣት ሲነካ ይወርዳል፤ ልም አጥንቱ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ የጎድኑ ጫፍ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ይፈረፈራል። በወንፊት አጥልለው አንድ ማንኪያ መረቅ ሳህን ላይ ያፍሱና ይብረድ፤ ሁለት ጣት ተነክረው ሲጋጠሙ የሚጣበቁ ከሆነ ወጥቶለታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር እንደ እርጎ ረግቶ ካደረ ደግሞ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ካልረጋ ወይ እግርና ጉልበቱ አንሷል፣ ወይ ውኃው በዝቷል፣ ወይ የከፍታው ደቂቃ አልተጨመረም።

አንድ ነገር ላይ ፕሬሸሩ ከተራ ድስት ያንሳል፤ መዓዛ ላይ። ልክ ሲከፈት መረቁ ወፍራም ነው፣ ግን ደነዝ ነው። ቅመሙ መጀመሪያ የማይገባውም ለዚህ ነው፤ በ116 ዲግሪ ሁለት ሰዓት የተቀቀለ ኮረሪማ እንጨት ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱም ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል፣ ያለ ክዳን። የተጠለለውን መረቅ በቀስታ እያፈሉ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በአራት የተከፈለ፣ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል የተቀጠቀጠ ዝንጅብል፣ ሁለት ካሮት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተሸከሸከ ቁንዶ በርበሬ፣ የሦስት ኮረሪማ ፍሬ ይጨምሩ። ከጎድኑ የተለቀመውን ሥጋ ይመልሱ። 25 ደቂቃ ይበቃል። ጦስኝና ለሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ። ጨው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ያልተቆለለ፣ ከዚያ በቅምሻ። ወፈር ያለ የሚወድ ሁለት ድንች ጨምሮ አንዱን ይፍጨው፣ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አጃ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ይጨምር። በርበሬ የሚነሰንስም አለ። የቡሬ በርበሬ ለወጥ ቢሞገስ ይገባዋል፤ እዚህ ላይ ግን የሁለት ሰዓት ሥራን ይሸፍናል፣ ስለዚህ ቢቀር ይሻላል። የፈለገ በሳህኑ ላይ ሚጥሚጣ ይነስንስ።

መቅኔውን ሳይቀልጥ በማንኪያ እያወጡ መብላት ለሚወዱ፣ በመጋዝ የተቆረጠ ቅልጥም ለይተው ያቆዩና በዚህ ሁለተኛ ዙር ብቻ አቁመው ያብስሉት። ግፊት ውስጥ የገባ መቅኔ ቀልጦ ቅባት ሆኖ ይወጣል።

ጃፓኖች ቶንኮትሱ የሚሉት ወተት የመሰለ ሾርባ ከአሳማ አጥንት ይሠራል። ጎጃም ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ አጥንቱ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው፤ ዘዴው ግን ለበሬ እግርም ይሠራል። ንጣቱ ከወተት አይመጣም፤ በኃይል የሚንተከተክ ውኃ ቅባቱን አድቅቆ ከወፍራሙ መረቅ ጋር ስለሚያዋህደው ነው። ፕሬሸር ውስጥ ውኃው ብዙም ስለማይናወጥ መረቁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ነጭ የሚፈልግ ሰው ከከፈተ በኋላ አጥንቱን ሳያወጣ፣ ያለ ክዳን፣ በከፍተኛ እሳት ለግማሽ ሰዓት ያንተክትከው፤ እየጎደለ ሲሄድ ሙቅ ውኃ ይጨምር። ጥርት ያለውን የሚወድ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ላይ እንኳ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ብልጭ ብልጭ እንዲል ያድርግ።

ወደ ዕቃው እንመለስ። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሞቃል፣ በከሰል ላይም አያስቸግርም፤ ግን ጎምዛዛ ነገር አይወድም። ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ውስጡ ረጅም ሰዓት ከፈላ ግድግዳውን ይበላዋል፣ መረቁም ብረት ብረት ይላል። ሎሚ በሳህን ላይ ይጨመቅ። የማይዝገው ብረት (ስቲል) ከዚህ ነፃ ነው፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ሲገዙ ታቹን በጣት አንኳኩተው ይስሙት። እንደ ጣሳ የሚጮኸው ስስ ነው፣ ያሳርራል። ለአጥንት ብቻ ከሆነ ወፈር ያለው አሉሚኒየም ከስሱ ስቲል ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ሳሉ ክዳኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ገጥመው ይፍቱት፤ የሚንገዳገድ ከሆነ ይተዉት። መለዋወጫ ጎማ፣ ሰዎች ጎሚኒ የሚሉት፣ ለዚያው ማርካና መጠን እዚያው መኖሩን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ጎማው ሲደርቅ በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ይወጣል፣ ፊሽካውም ጭራሽ አይጮህም። ዱቄት ለውሶ መድፈን ለእንጀራ ምጣድ ነው፤ እዚህ አይሠራም። ክዳኑ ላይ ከፊሽካው ጎን ያለችው ትንሽ የደኅንነት ቫልቭ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነች። ፊሽካው ቢደፈን የምትቀልጠው ወይም የምትፈነዳው እሷ ናት፣ ድስቱ እንዳይፈነዳ። ስታረጅ በብሎን የሚተኩ ጠጋኞች አሉ። እንደዚያ የተጠገነ ፕሬሸር ድስት መሆኑ ቀርቷል፤ ያገለገለ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዩት ይህችን ይሁን።

ባለ 5 ሊትሩ ለሁለት ሰው ይሆናል፣ ነገር ግን ሙሉ የበሬ ቅልጥም አይገባበትም። ለቤተሰብ ባለ 7 ነው። ምድጃቸው ክር ብቻ ለሆነና ከሰል ለማይጠቀሙ ሰዎች፣ እሳቱ የሚቀንስ ምድጃ ሳይገዙ ፕሬሸሩን መግዛት ነገሩን በተቃራኒው መጀመር ነው።

ጾም የሚጾም ቤት ሁለት ጎማ ይግዛ። ድስቱ ታጥቦ ይጸዳል፤ ጎማው ግን የአጥንት ቅባት ሽታ ይጠጣና በሳሙናም አይለቅም። ዓርብ የተቀቀለው ሽምብራ መረቅ መረቅ ይሸታል። አንዱ ጎማ ለፍስክ፣ አንዱ ለጾም፣ በክር ምልክት ይደረግበት።

የማብሰያውም ቀን ከጾሙ ጋር ቢገጥም ይመቻል። ቅዳሜ ማታ የተሠራ መረቅ ድስቱ በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ውኃው ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ከገባ እሁድን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ይዘልቃል። ላዩ ላይ የሚረጋው ቅባት ክዳኑ ስለሆነ የሚያሞቁት ዕለት ብቻ ይነሳ፤ የሚበላውን ያህል ቀድተው በደንብ ያፍሉት። ረቡዕ ጾም ነው። የሐሙሱን ድርሻ ግን ቅዳሜውኑ ለይተው በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ዕቃውን ሲሞሉ ከላይ ሁለት ጣት ይተዉለት፣ መረቅ በረዶ ሲሆን ያብጣልና።